ሦስት ቋሚ፣ አንድ ዘንባላ

ፖድስካላ፣ ማርች 4 ቀን 1996

ለተከበሩ የክርስትና አባቴ ለአቶ ቬንትሴል ላፓይኔ
ማሪቦር

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? የዘንድሮ ብርድ እኛን የተራራ ሰዎችን እንኳ አስመርሮናል፤ በረዶው ከበረቱ ጣሪያ ላይ ገና አልወረደም። አባዬ ደህና ነው። አክስቴ ፋኒም ደህና ናት፤ ምላሷም እንደዚያው። ለእርስዎ እንደምጽፍ ብነግራት «ሥጋውን ትቶ ግሳንግስ ተሸክሞ ለሄደው ሰውዬ ሰላም በይልኝ» ብላለች። የክርስትና አባት ሁሉ የተጨሰ የአሳማ ጭን ታቅፎ በሚሸኝበት አገር፣ በኔ ክርስትና ቀን እርስዎ ሥጋውን መልሰው አሮጌ ዕቃ መጠየቅዎን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችዎትም።

«ከሰው አፍ ከምሰማ ካንቺ እጅ ባነበብኩ» ብለው ተቆጥተው ጽፈዋል። እውነት አለዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የዘገየሁት ብዕር ባነሳሁ ቁጥር እጄ ላይ የሚመጣው ስድብ ብቻ ስለነበረ ነው። ለእርስዎ ስድብ መላክ ደግሞ አልፈለግሁም።

አዎ፣ የሰሙት እውነት ነው፤ ዶክተር ዞርች ሉብሊያና ካለው የጦር ቅርስ ስብስባቸው አባረውኛል። ሌባ አላሉኝም። ሌባ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር፤ ሌባ ቢያንስ የወሰደው ነገር ይፈለጋል። እኔን ያሉኝ ቀለም ቀቢ ነው።

የትኛው ራስ ቁር እንደሆነ ጠይቀዋል። ያው የእርስዎ ነው፤ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ግንባር ከነበረው ከሮምቦን ተራራ አውጥተው ለዶክተሩ የሸጡላቸው፣ ቡራቡሬ ቀለም የተቀባው፣ ክፈፉ ላይ ሦስት ቋሚና አንድ ዘንባላ ጭረት ያለበት። የመስታወት ሳጥኑ መግለጫ ባለቤቱ አልሞ ተኳሽ እንደነበረ፣ ቋሚዎቹ የገደላቸው፣ ዘንባላው ያቆሰለው እንደሆነ ይናገራል። ሰው እሱ ጋ ሲደርስ ድምፁን ይቀንሳል። የስብስቡ ንጉሥ እሱ ነው።

በጥር አንድ አዋቂ ከቪየና መጥቶ በማጉያ መነጽር አየውና ቀለሙ የጦርነቱ ዘመን አይደለም አለ። ዝገት በልቶ በጨረሰው ብረት ላይ ነው የተቀባው፤ አሮጌ ቀለም ከብረቱ ጋር ይሰነጠቃል፣ ይሄ ግን ዝገቱን እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖታል። እውነቱን ነው፤ እኔም በኋላ ሳየው እንደዚያው ነው። ዶክተሩ ጠሩኝና «አቶ ላፓይኔ ሲሸጡልኝ የጥንቱ ቀለም ነበረበት፤ ስለዚህ ከላዩ ላይ የቀባ ሰው አለ። መጸውን ሙሉ ያንቺ ጠረጴዛ ላይ ነበር» አሉ። እኔ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጠርጌ ሰም ቀባሁት፤ ሌላ የነካሁት ነገር የለም። የውስጥ ቆዳውን እንኳ አላነሳሁም፤ እንዳይነሳ ትእዛዝ ነበረና።

የኔ ሥራ ብረት እንዳይሞት መጠበቅ እንጂ ወጣት ማስመሰል አይደለም። ቅርስ ጠባቂ ቀለም ቀባች ከተባለች፣ ወተት ሻጭ ውሃ ቀላቀለች እንደማለት ነው። ለሦስት ሙዚየሞች ጻፍኩ፤ የመለሰልኝ የለም። ወሬው ቀድሞኛል።

እኔ የምፈልገው ስሜን ብቻ ነው። እርስዎ ዶክተሩን ያውቋቸዋል። ደውለውልዎት ነበር? ምን አሏቸው?

እጅዎን እስማለሁ።
ሚሎይካ ስኮቺር


ማሪቦር፣ ማርች 15 ቀን 1996

የተወደድሽ ልጄ ሚሎይካ፣

ደብዳቤሽ አልጋ ላይ አገኘኝ። ጉልበቴ ከድቶኛል፤ ሐኪሙ ከቤት እንዳልወጣ ከልክሎኛል፣ ከደጃፌ ካለፍኩ ሰንብቻለሁ። እንዲህ ባልሆን ኖሮ እስካሁን ሉብሊያና ሄጄ ዶክተሩ ፊት ቆሜ እሟገትልሽ ነበር። ለአክስትሽ ያ ግሳንግስ እስከ ዛሬ እንደሚያስቀኝ ንገሪልኝ፤ የወጣት እብደት ነው።

ለጥያቄሽ፦ አዎ፣ ዶክተሩ ደውለውልኛል። ስላንቺ ክፉ አልተናገርኩም። በክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ፣ ክፋት የለባትም አልኳቸው። ያልኩት ይኸው ነው።

አሁን እንደ አባት ልምከርሽ። ዝም በይ። ጋዜጠኛ ጋ፣ ጠበቃ ጋ አትሩጪ። የኛ ዓለም ትንሽ ናት፤ የጮኸ ሰው ቢፈረድለትም ሥራ አያገኝም። ደግሞ ከመጠን ያለፈ ትጋት ወንጀል አይደለም። የወጣት እጅ አንዳንዴ ሳያስበው ያሳምራል። አላሳመርኩም ካልሽኝ አምንሻለሁ፤ እንግዲያው ማን ነው ብለሽ ጠይቂ። ያ ቦሩት የሚባለው፣ የሳጥኑን ቁልፍ የሚይዘው የሥራ ባልደረባሽ፣ ሥዕል ተምሬአለሁ ይል አልነበረም? እኔ የሰው ስም አላጠፋም። ብቻ አስቢበት።

አንድ ነገር፤ ስትወለውዪው የተጠቀምሽበትን ጥጥ አስቀምጠሻል? ፎቶ አንስተሻል? ካለሽ ላኪልኝ። እኔ ዘንድ ቢሆን ይሻላል።

የክርስትና አባትሽ
ቬንትሴል


ፖድስካላ፣ ማርች 25 ቀን 1996

የተከበሩ የክርስትና አባቴ፣

ለምክርዎ አመሰግናለሁ። ጉልበትዎን ይማርልዎ። አባዬ የማርሞት አውሬ ስብ ልኮልዎታል፤ ማታ ማታ ሞቅ አድርገው ይሹት።

ስለ ቦሩት ያሉትን አሰብኩበት። ሳስበው ደግሞ አደርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ጠረጠርኩት። የሠራኋቸውን ቀናት አንድ በአንድ እያስታወስኩ መቼ ብቻውን እንደቀረ፣ መቼ እጁን እንደታጠበ፣ መቼ ፈገግ እንዳለ ቆጠርኩ። ሰው አንዴ መጠርጠር ከጀመረ የሰው ፈገግታ ሁሉ ቀለም ቀለም ይሸተዋል። በመጨረሻ ና ብዬ ጻፍኩለት፤ በአውቶቡስ መጣ። አክስቴ ፋኒ የበቆሎ ገንፎና የተጠበሰ አይብ አቀረበችለትና ከፊቱ ተቀምጣ ሲበላ አየችው። ሲሄድ «ይሄ ልጅ እንኳን ራስ ቁር፣ ግድግዳ አይቀባም፤ ሸሚዙን ራሱ የቆለፈው አዛብቶ ነው» አለችኝ። ቦሩት የተማረው ሥዕል ሳይሆን ሙዚቃ ነው።

እንዲያውም አንድ ነገር ነገረኝ፤ ምናልባት ተሳስቶ ይሆናል። በዚህ ወር አጋማሽ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ከዶክተሩ ጋር በር ዘግተው ረጅም ጊዜ አወሩ አለኝ። ድምፃቸው የእርስዎን ይመስላል አለ። የክርስትና አባቴ አልጋ ላይ ናቸው ብዬ መለስኩለት።

ከሄደ በኋላ የእርስዎን ፖስታ አወጣሁ። ማኅተሙ የማሪቦር ሳይሆን የሉብሊያና ነው። እንግዲህ ብረት ማንበብ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። መጀመሪያ ማኅተሙን ተመልከች፣ ከዚያ ስፌቱን፣ ታሪኩን መጨረሻ ስሚ ይሉኝ ነበር።

ስለ ጥጡ ሌላ ጊዜ።

ሚሎይካ


ፖድስካላ፣ ኤፕሪል 10 ቀን 1996

የተከበሩ የክርስትና አባቴ፣

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰዎ። እኛም ጭኑን፣ እንቁላሉንና የሚያቃጥለውን ሥር በቅርጫት ይዘን ቤተ ክርስቲያን አስባርከን መጣን። ቄሱ ቅርጫታችንን ሲረጩ ዘወር ብለው ነው ያለፉት። ሉብሊያና ላይ ያፈረችው ልጅ ይቺ ናት ተብሎ ተነግሯቸዋል።

«ወረቀቱ ደርሶሻል? ፈርመሻል?» ብለው ጠይቀዋል። ደርሶኛል። አልፈረምኩም።

ዶክተሩ የላኩልኝን ወረቀት ቃል ልጻፍልዎ፦ «እኔ ሚሎይካ ስኮቺር ከመጠን ባለፈ ትጋት ተነሳስቼ በጥንታዊው ቀለም ላይ አዲስ ቀለም መጨመሬን አምናለሁ፤ ስለዚህም አዝናለሁ።» ይህን ከፈረምኩ ዶክተሩ ነገሩን ዘግተው፣ ለሥራ የሚሆን ደግ ቃል ሊጽፉልኝ ነው። የጁኑ ትርኢት ከመከፈቱ በፊት እንዲደርሳቸው ይፈልጋሉ።

ሁለት ነገር ገርሞኛል። አንደኛ፣ «ከመጠን ያለፈ ትጋት» የሚለውን ቃል ከዚህ በፊት አንድ ሰው ብቻ ነው የጻፈልኝ። ሁለተኛ፣ ወረቀቱ ደርሶሻል ወይ ብለው የጠየቁበት ደብዳቤ ቀኑ ማክሰኞ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ግን የዚያው ሳምንት ሐሙስ ነው። ገና ያልተጻፈ ወረቀት እንዴት ይደርሰኛል ብለው አሰቡ?

ክፉ አላሰብኩም። ማብራሪያ ይኖረዋል። ብቻ እስኪደርሰኝ ድረስ ያለ እንቅልፍ ነኝና ቶሎ ይጻፉልኝ።

ሚሎይካ


ማሪቦር፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1996

ሚሎይካ፣

ደብዳቤሽ አሳዘነኝ። ጠበቃ ልሁንሽ ብዬ ስለፋ መርማሪ ሆነሽ መጣሽብኝ።

ፖስታውን ለጎረቤቴ ሰጥቼው ሉብሊያና ሲሄድ ከዚያ ጣለው። አለቀ። የወረቀቱን ቃል ያረቀቅኩት እኔ ነኝ፤ ለምን እደብቃለሁ? ዶክተሩ ሊያስጽፉት የነበረው ከዚህ ይከፋ ነበር። «ሆን ብላ አበላሽታ» የሚል ነበረበት። እግራቸው ላይ ወድቄ ነው «ትጋት» ያስባልኩት። ይህ ውለታ ነው እንጂ በደል አይደለም።

አሁን ግልጽ ልሁንልሽ። በአንድ ወገን አርባ ዓመት ብረት ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ቃል አለ። በሌላው ወገን ከትምህርት ቤት ትናንት የወጣች ልጅ። ማንን የሚያምኑ ይመስልሻል? ፈርሚ። ሁለት ዓመት ዝም ብለሽ አሳልፊ፣ ከዚያ እኔ ራሴ ሥራ አስገባሻለሁ። አክስትሽንና አባትሽን በዚህ ነገር አታስቸግሪያቸው፤ ገበሬ ስለዚህ ምን ያውቃል?

በሌላ ጉዳይ፤ አባትሽ በረቱን ሊያድስ ነው ሲባል ሰማሁ። ጣሪያው ሥር የተሰቀለ አሮጌ ዕቃ ካለ፣ ባልዲም ይሁን መንሽም ይሁን የእንጨት ዘንግም ይሁን፣ እንዳይጥለው። የገጠር ዕቃ የሚሰበስብ ወዳጅ አለኝ፤ መኪና ልኬ ሁሉንም አስነሳዋለሁ። ቶሎ ንገሪኝ።

ቬንትሴል


ፖድስካላ፣ ሜይ 5 ቀን 1996

የተከበሩ የክርስትና አባቴ፣

ስላስቀየምኩዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጅ ነኝ፤ ተበድያለሁም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ጥሩ ደብዳቤ አያስጽፉም።

የበረቱን ዕቃ አባዬ ገና አልነካውም። መኪናው አይምጣ፤ መንገዱ በናዳ ተዘግቷል።

ልፈርም እችላለሁ። እስከ ዛሬ ያቆየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ባልሠራሁት ከፈረምኩ፣ ቢያንስ የፈረምኩበትን ብረት ታሪክ ከራስዎ አፍ በደንብ ልወቀው። ልጅ ሳለሁ ነግረውኛል፤ ግን ረሳሁት። የሮምቦን የትኛው ጎን ላይ ነበር? ሲያወጡት ቆዳው ውስጡ ነበር? ቀለሙ ያኔም ጭረቶቹ ውስጥ ገብቶ ነበር? ጭረቶቹን ያኔ ነው ያዩዋቸው ወይስ ካጸዱት በኋላ? በሌላ ሰው እጅ አልፎ ያውቃል?

እባክዎ ሳይቸኩሉ ይጻፉልኝ። ለመፈረም ልቤን የሚያደነድንልኝ እሱ ነው።

ሚሎይካ


ማሪቦር፣ ሜይ 13 ቀን 1996

የተወደድሽ ልጄ፣

እንዲህ ስትሆኚ ነው ልጄ የምትሆኚው።

በ1974 ክረምት ነው፤ በሰሜኑ ጎን፣ ከጫፉ ዝቅ ብሎ፣ ውሃ የማይደርስበት የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ። መንገድ መሪዬ አሁን በሕይወት የለም፤ ነፍሱን ይማረው። እጄን ሰድጄ ያወጣሁት እኔ ራሴ ነኝ። ቆዳው ውስጡ ነበር፤ ደርቆ እንደ ብስኩት ሆኖ። ቡራቡሬው ቀለም ልክ ዛሬ እንዳለው፣ ጭረቶቹ ውስጥ ድረስ ገብቶ። ይኸውም ወታደሩ መጀመሪያ ቆጥሮ ኋላ እንደቀባው ያሳያል፤ መግለጫውን የጻፍኩት በዚህ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከሸጥኩት ድረስ በሌላ ሰው እጅ አላለፈም። ገበሬ እጅ ገብቶ ቢሆን ኖሮማ የዶሮ ውሃ መጠጫ ሆኖ ታገኚው ነበር።

ይህን በመሐላ ለዶክተር ዞርች ሰጥቻለሁ፤ በጁኑ ትርኢት መጽሐፍ ላይም በስሜ ይወጣል። አሁን ልብሽ ረጋ? ፈርመሽ ላኪው።

ያባትሽን በረት ነገር አትርሺ።

ቬንትሴል


ፖድስካላ፣ ሜይ 22 ቀን 1996

የተከበሩ የክርስትና አባቴ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አልፈርምም።

በኤፕሪል መጨረሻ፣ ስለ አሮጌው ዕቃ የጻፉልኝ ደብዳቤ በደረሰኝ ሳምንት፣ አንድ የማሪቦር ሰው የበረታችን ጣሪያ ሥር ስላለ ዘንግ ምን አሳሰበው ብዬ መሰላል ዘርግቼ ወጣሁ። ብዙ አልነበረም። የተሰበረ መንሽ፣ የእንጨት የወተት ባልዲዎች፣ የላም አንገት ማሰሪያ። ባልዲውን አቧራውን በመዳፌ ስጠርገው ከአፉ ሥር በቢላ የተቀረጸ ነገር አየሁ። ሦስት ቋሚ፣ አንድ ዘንባላ። ማሰሪያውም ላይ እንደዚያው። የመንሹ እጀታም ላይ።

ባልዲውን ይዤ ወረድኩና አክስቴ ፋኒ ፊት አስቀመጥኩት። ድንች እየላጠች ነበር።

«ምን ታፈጪብኛለሽ?» አለችኝ። «የቤታችን ምልክት ነው።»

ምልክቱን እንደማላውቀው ስነግራት ቢላዋን አስቀመጠች። በተራራው ግጦሽ የሰፈሩ ላሞች ሁሉ አንድ ላይ ከርመው ወተቱ አንድ ጋን ሲገባ፣ የማን ባልዲ የማን እንደሆነ የሚለየው በዚህ ነበር። የኛ ቤት፣ ሰፈሩ በጥንት ስሙ የስካላር ቤት የሚለው፣ ሦስት ቋሚ ነው። ዘንባላዋ ግን ከኮሻር ቤት ናት፤ የአባዬና የአክስቴ አያት ጦርነቱ ካበቃ ከአምስት ዓመት በኋላ ስታገባ ከነ ላሟ ይዛት መጣች። ከሠርጉ በፊት አራቱ ጭረት በአንድ ዕቃ ላይ አብረው አይገኙም። የጋራው ግጦሽ ከተወ በኋላ ግን ምልክት የሚቀርጽ ጠፋ፤ እኔ ሳልደርስበት ቀረሁ።

«ታዲያ ይሄን ራስ ቁር ላይ ማን ይቀርጸዋል?» አልኳት።

ሳቀች፤ ድንቹ ከጭኗ እስኪንከባለል። «የፍግ ጭልፋችን ላይ ነዋ! አንቺ ልጅ፣ ትምህርት ምን አስተማረሽ? ወታደሮቹ ጥለውት በሄዱት ቆብ አይደል አገሩ ሁሉ የፍግ ጉድጓዱን ውሃ ሲቀዳ የኖረው? ሁለት ቦታ ይበሱታል፣ ዘንግ ጫፍ ላይ በብረት ሹካ ይመቱታል፣ አለቀ። ምልክት ካላደረግሽበት ጎረቤት ይወስደዋል። ያንቺን እበት በኔ ጭልፋ ተባብሎ ስንቱ ተፈነካክቷል።»

የኛው የት እንደገባ ጠየቅኳት።

«የክርስትና አባትሽን ጠይቂው። ሥጋውን ትቶ የወሰደው እሱን አይደል? በእሑድ ልብሱ በረት ገብቶ ከዘንጉ ላይ ሲነቅለው አባትሽ በሳቅ ሊሞት ነበር። ዘንጉን ግን ትቶልን ሄደ።»

ዘንጉ አለ። ጣሪያው ሥር ከምሶሶው ጋር ታስሮ፣ ከነብረት ሹካው። ሹካው ላይ ሁለት ቀዳዳ።

እንግዲህ ልጠይቅዎ። እኛ ቤት በየሳምንቱ በአመድና በሽቦ ሲፈገፈግ ስለኖረ ብረት፣ በጦርነቱ ዘመን ቀለም ተቀብቶ ነው ብለው እንዴት ማሉ? ከዚያ ሠርግ በኋላ የተቀረጸ ጭረት ውስጥ የተኳሽ ቀለም እንዴት ገባ? ዶክተሩን የውስጥ ቆዳው በፍጹም እንዳይነሳ ብለው ያስጠነቀቁት እርስዎ ነበሩ። እዚያ ሥር የተደፈኑ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ? ቡራቡሬው ከላያቸው አለፈ? የገደሉትን የቆጠረው ወታደርስ ማነው? ቋሚዎቹ የኛ ላሞች ናቸው፤ ዘንባላዋ የቅድመ አያቴ ሙሽርነት ናት።

የተበደልኩት ግን በቀለሙ አይደለም። ብዙ ሰው ብረት ይቀባል፣ ይሸጣል፣ ይበላል። እኔ የተበደልኩት የቪየናው ሰው መነጽሩን ሲያወጣ፣ እርስዎ ከዓለም ሰው ሁሉ እኔን መምረጥዎ ነው። በክርስትና ያነሱኝን።

ለዶክተር ዞርችና ለቪየናው ሰውዬ ጽፌአለሁ። ራስ ቁሩን ይዘው ጁን 2፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይመጣሉ። መንገዱ አልተዘጋም፤ ተዘግቶም አያውቅም። እርስዎም ይምጡ። ተደብቄ አላደርገውም።

ሚሎይካ ስኮቺር


ማሪቦር፣ ሜይ 27 ቀን 1996

ሚሎይካ፣

አልመጣም። እንዳትሰበስቢያቸው እለምንሻለሁ። ጉልበቴን ሳይሆን ስሜን ነው የምትሰብሪው፤ በኔ ዕድሜ አይጠገንም። አንቺ ወጣት ነሽ፣ ሌላ ስም ይበቅልልሻል።

ምን እንዳደርግልሽ ትፈልጊያለሽ? ወረቀቱን አስቀድጄ ልስጥሽ? ስለ ቦሩት ልጻፍላቸው? ንገሪኝ፣ አደርገዋለሁ። ዘንጉን ግን አቃጥይው። አንድ ዘንግ ነው። ማን ይጠይቃል?

ትንሽ ልጅ ሳለሽ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ማጉያ መነጽር ያስያዝኩሽ እኔ ነኝ። ያንን አትርሺ።

ቬ.


ፖድስካላ፣ ጁን 9 ቀን 1996

የተከበሩ የክርስትና አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? አክስቴ ፋኒ ይህን ሰው እስከ መቼ አንቱ ትይዋለሽ ብላ ተቆጥታኛለች። አንቱታው የእርስዎ ሳይሆን የኔ ነው፤ ያሳደገኝ ቤት ነው የሰጠኝ። አልጥለውም።

መነጽሩን አልረሳሁም። ብረት ያሳየኝ እሱ ነው። ለዚህ አመሰግናለሁ፤ ይህን የምለው ለማስከፋት አይደለም።

የእሑዱን ጠይቀዋል። ብዙ የሚነገር የለውም። ቆዳውን ያነሳው የቪየናው ሰውዬ ነው፤ እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ቆምኩ፣ ነካች እንዳልባል። ሁለቱም ቀዳዳዎች ነበሩ፤ በቀለጠ እርሳስ የተደፈኑ። አባዬ ዘንጉን ከጣሪያው አወረደ። ሹካውን ብረቱ ላይ አስጠጋው። ቀዳዳ ከቀዳዳ ተገናኘ። ዶክተር ዞርች እጃቸውን የት መታጠብ እንደሚችሉ ጠየቁ። አክስቴ የላሞቹን ገንዳ አሳየቻቸው።

ለጋዜጣ ትሰጪዋለሽ ወይ ላሉኝ፤ አልሰጥም። ስለ ቦሩት እንዲጽፉልኝም አልፈልግም፤ ያን ያሉበትን ደብዳቤ ግን ለራሱ ለቦሩት አሳይቼዋለሁ። ማወቅ ይገባዋል። ዶክተሩ ተመለሽ ብለውኛል። ትርኢቱ እስኪዘጋ ድረስ ራስ ቁሩ ይቀመጥበት የነበረው ሳጥን ባዶ ይሁን፣ መግለጫው ቦታ ላይ ደግሞ እኔን ያባረሩበት ምክንያት ሐሰት እንደነበረ በፊርማቸው ይለጠፍ አልኳቸው። ያስቡበታል። እኔም እነሱ እስኪያስቡ እዚህ አለሁ፤ ላሞቹ በዚህ ሳምንት ወደ ተራራው ይወጣሉ፣ ባልዲዎቹንም አጥቤያቸዋለሁ።

ዶክተሩ ራስ ቁሩን ለእርስዎ ይመልሳሉ፤ ያወጡትንም ገንዘብ ከእርስዎ ያስመልሳሉ። ያ በሁለታችሁ መካከል ነው። እኔን የሚመለከተኝ ይህ ነው፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ የተጨሰ ጭን በጨርቅ ተጠቅልሎ ይደርስዎታል። አክስቴ ከሁሉ ትልቁን መርጣ፣ ራሷ ፖስታ ቤት ተሸክማ ሄደች። በክርስትናዬ ቀን ትተውት የሄዱት ነው። ዕዳችንን ከፍለናል።

አሁን ጭልፋችንን ይመልሱልን። ቀለሙን አያስለቅቁት፣ ምንም አይንኩት፤ እኔ ራሴ አጥበዋለሁ። አባዬ ሹካውን ቀጥ አድርጎ ዘንጉን ከግድግዳው አስደግፎ እየጠበቀ ነው።

የፍግ ጉድጓዱ ሞልቷል።

ሚሎይካ፣ ከስካላር ቤት